ግማሽ ኪኒን የልጅ መጠን አይደለም

ጎንደር ከተማ ውስጥ ለወላጆች፣ ለአያቶችና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ አያቶች፣ ከየጤና ኬላው የመጣችሁ ባለሙያዎች፤ የቅዳሜ ገበያችሁን ትታችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ የሚቆም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ አለ። «ቤት የትልቅ ሰው ኪኒን ተርፎ አለ፤ ለልጁ ግማሹን ልስጠው?» ይባላል። ጥያቄው የሚወጣው ከጭንቀትና ከፍቅር ነው፤ ኪስም አለበት። ስለዚህ የሚጠይቀውን ሰው አልወቅስም። ግን ይህ ግማሽ የሚባል ልክ ከየት መጣ? የአራት ቀን አራስ፣ የሁለት ዓመት ልጅና የአሥር ዓመት ተማሪ ሁሉም እኩል የአባታቸው ግማሽ ናቸው ማለት ነው? አይደሉም። ያው ግማሽ ኪኒን አንዱን ልጅ ይመርዘዋል፤ ለሌላው ደግሞ በሽታውን ለማሸነፍ አይበቃም። ዛሬ የመጣሁት ይህን ላስረዳችሁ ነው።

ከአራሱ ልጀምር፤ ስህተትን ጨርሶ የማይችለው እሱ ነውና። አራስ ልጅ ሲወለድ የሆዱ አሲድ ገና ደካማ ነው። በዚህ ምክንያት እንደ ፔኒሲሊን ያለው መድኃኒት ከአዋቂው ይልቅ በብዛት ወደ ደሙ ይገባል፤ ሌላው ደግሞ በትንሹ ብቻ ይገባል። ከሰውነቱ ከመቶ 75 ያህሉ ውኃ ነው፤ በአዋቂ ሰው ላይ ወደ 60 ይወርዳል። ኩላሊቱ ተወልዷል እንጂ ሥራውን ገና አልለመደም፤ የአዋቂን ያህል የማጣራት ዐቅም ላይ የሚደርሰው ወደ መጀመሪያው የልደት በዓሉ ሲቃረብ ነው። ጉበቱም መድኃኒትን ሰባብረው ከሚያስወጡት ኬሚካሎች አንዳንዶቹን ገና ማምረት አልጀመረም።

እነዚህ ነገሮች አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚሆን በጄንታማይሲን ላይ እንይ። ይህ መርፌ በሰውነት ውኃ ውስጥ የሚሰራጭ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። አራሱ ውኃው ብዙ ስለሆነ በኪሎ ሲሰላ የሚሰጠው መጠን ከአዋቂው አያንስም። ኩላሊቱ ግን ቶሎ አያስወጣውም። ስለዚህ የሚለወጠው የመርፌው ብዛት ሳይሆን በአንዱና በቀጣዩ መርፌ መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን 36 ወይም 48 ሰዓት መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ጊዜ ያሳጠረ ሰው የልጁን ጆሮና ኩላሊት ይጎዳል። ግማሽ የሚለው ስሌት እዚህ ላይ ምንም አይጠቅምም፤ መልሱ ያለው በሰዓቱ ላይ ነው።

የክሎራምፌኒኮልን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይህ ፀረ ባክቴሪያ እንደ ታላቅ መድኃኒት ይቆጠር ነበር። አሜሪካ ውስጥ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ገና ሳይታመሙ፣ ኢንፌክሽን እንዳይዛቸው ተብሎ ይሰጥ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሆዳቸው ይነፋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ቆዳቸው አመድ ይመስላል፣ ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል፣ ከዚያም ያርፋሉ። መጀመሪያ ላይ ኢንፌክሽኑ የገደላቸው መሰለ። እ.ኤ.አ. በ1959 የሎስ አንጀለስ ሐኪሞች መድኃኒቱን የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋር አስተያይተው እውነቱን አወጡት፤ ምንም ያልተሰጣቸው ሕፃናት ከተሰጣቸው ይልቅ በሕይወት ተርፈው ነበር። ጉበታቸው ክሎራምፌኒኮልን ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር አጣምሮ ማስወጣት ገና አልቻለም፤ መድኃኒቱ በየቀኑ በደማቸው ላይ ይጠራቀም ነበር። መጠኑ ለትልልቅ ልጆች የሚስማማ ነበር። ሰጪዎቹም የተማሩና ደግ ሰዎች ነበሩ። ደግነት ብቻውን መጠንን አያውቅም።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ የሰልፋ መድኃኒት የተሰጣቸው ሕፃናት አንጎል ላይ ቢጫ ቀለም ያለው ጉዳት መታየቱ ተጽፏል። አራስ ልጅን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን በደም ውስጥ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው የሚሄደው። ሰልፋው ቦታውን ቀምቶ ያስለቅቀዋል፤ የተለቀቀውም ወደ አንጎል ይገባል። ዛሬ በየጤና ተቋሙ የምናውቀው ፀረ ባክቴሪያ መርፌ፣ ሴፍትሪያክሶንም ይህ ጠባይ ስላለው ቢጫ ለሆነ አራስ አይሰጥም፤ ካልሲየም ካለው ጉሉኮስ ወይም ፈሳሽ ጋርም ለአራስ ፈጽሞ አይገናኝም። «መርፌው ጠንካራ ስለሆነ እሱን ውጉልኝ» ብላችሁ አራስ ይዛችሁ የምትመጡ ቤተሰቦች ይህን አስታውሱልኝ።

እስካሁን የተናገርኩትን የሰማ ሰው «እንግዲያው ለልጅ ባነሰ ቁጥር ይሻላል» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ይህም ሌላ ስህተት ነው። ልጁ ዓመት አልፎት ድክ ድክ ሲል ነገሩ ይገለበጣል። የዚህ ዕድሜ ልጅ ጉበት ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ነው፤ ብዙ መድኃኒቶችን በኪሎ ሲሰላ ከአባቱ ፈጥኖ ያስወጣል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ፌኒቶይንን እንውሰድ። አዋቂው በቀን በኪሎ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ግራም ሲበቃው የሁለት ዓመት ልጅ ከ8 እስከ 10 ሊያስፈልገው ይችላል። ልጁም ያድጋል። አምና በታዘዘለት መጠን ዘንድሮ የሚጥለው ከተመለሰበት፣ መድኃኒቱ «ለመደው» ከማለታችሁ በፊት ሚዛን ላይ አቁሙት።

አሁን ሁልጊዜ ሰዎችን የሚያስደንቀውን ስሌት ላሳያችሁ። የሳንባ ምች የያዘው አሥር ኪሎ የሚመዝን የአንድ ዓመት ልጅ አለ እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ያህል አሞክሲሲሊን በቀን ሁለት ጊዜ እንዲወስድ ይላል። በተግባር የሚሰጠው በውኃ የሚሟሟው የ250 ሚሊ ግራም ኪኒን ነው፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ ሁለት ሁለት ኪኒን፣ ማለትም 500 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ። 500 ሚሊ ግራም ደግሞ አባቱ የሚውጠው አንድ እንክብል ነው! አባቱ ስልሳ ኪሎ ይመዝናል፣ ልጁ አሥር፤ በአንድ ጊዜ የሚወስዱት ግን እኩል ነው። የአባቱን እንክብል ከፍታ ግማሹን በስኳር ውኃ የበጠበጠች እናት ለልጇ የሰጠችው ከሚያስፈልገው እኩሌታውን ነው። ልጁ ትንፋሹ እየፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ ይቀጥላል፤ እናቱ ግን መድኃኒት እንደሰጠች ታምናለች። ከመጠን በላይ መስጠት ያስፈራናል፤ ማሳነስ ግን ጥንቃቄ ይመስለናል። በሳንባ ምች ላይ ማሳነስ ይገድላል።

ወባም እንዲሁ ነው። ይህች ከተማ የሕክምና ትምህርት ከተማ ናት ስንል ምክንያት አለን፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጁ እዚህ ሲከፈት ከገፋፉት ነገሮች አንዱ በደንቢያ ሜዳ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ዛሬም ከኮላ ድባ፣ ከመተማ መስመር ትኩሳት ይዟቸው የሚመጡ ልጆች አሉን። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም የሚሰጠው በክብደት ነው፤ ከ5 ኪሎ ጀምሮ 15 እስኪሞላ አንድ ኪኒን፣ ከ15 እስከ 25 ሁለት፣ ከ25 እስከ 35 ሦስት፣ ከዚያ በላይ አራት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን። ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ካልተወሰደ በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ ለሚጠባ ልጅ የእናቱ ጡት ይበቃዋል። ከ5 ኪሎ በታች ላሉት ጨቅላዎች ግን ለብዙ ዓመታት በእነሱ ልክ የተሠራ የወባ መድኃኒት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2025 ነው ለእነዚህ ሕፃናት የተዘጋጀው ኮአርተም በስዊዘርላንድ የመድኃኒት ባለሥልጣን የጸደቀው። በውስጡ ያሉት የሁለቱ መድኃኒቶች ምጣኔ ጭምር ተለውጧል፤ የጨቅላው ጉበት ሁለቱን የሚያስተናግደው በተለየ መንገድ ስለሆነ የትልቁን ኪኒን ማሳነስ ብቻ አልበቃም። ትልልቅ ሳይንቲስቶች «ግማሽ» ብለው ማለፍ ያልቻሉትን እኛ በኩሽና ቢላዋ አንፈታውም።

ክብደት ክብደት የምለው ለዚህ ነው። ካርቶኑ ላይ «ከ1 እስከ 5 ዓመት አንድ ማንኪያ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ይህ የተጻፈው መካከለኛ ለሆነ ልጅ ነው። የእኛ አገር ልጅ ሁለት ዓመት ሞልቶት 13 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ የተጎዳው ደግሞ 8 ኪሎ ብቻ። ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። ለመጀመሪያው ልጅ ከፍተኛው 195 ሚሊ ግራም ሲሆን ለሁለተኛው 120 ነው። በዕድሜ ከሰጠን የከሳውን ልጅ፣ ጉበቱ ከሁሉ ይልቅ የደከመውን፣ ከልክ በላይ እናጠጣዋለን። በምግብ እጥረት በጽኑ የተጎዳ ልጅ እንኳንስ ኪኒኑ፣ ለተቅማጥ የምንሰጠው ኦአርኤስም ይለይበታል፤ ኮሌራ ካልሆነ በቀር ጨውነቱ የቀነሰ ለእሱ የተዘጋጀ ፈሳሽ ነው የሚሰጠው፤ ይህም በጤና ተቋም መሆን አለበት።

ስለዚህ ወደ መድኃኒት ቤት ስትመጡ የልጁን ኪሎ ይዛችሁ ኑ። ካላወቃችሁት በጤና ኬላ ሚዛን አለ፤ ልጁን ይዛችሁ በሚዛን ላይ ቆማችሁ፣ ከዚያ ብቻችሁን ቆማችሁ ልዩነቱን መውሰድም ይቻላል። ባለሙያውም ካልጠየቃችሁ እናንተ ጠይቁት፤ «የልጄን ኪሎ ሳትጠይቀኝ እንዴት ልኩን አወቅኸው?» በሉት። ይህ ድፍረት አይደለም።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንሂድ፤ ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነው። በፓራሲታሞል ስም ሁለት ነገር ይሸጣል። አንዱ ሽሮፕ ነው፤ ብዙ ጊዜ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለው። ሌላው ጠብታ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም የያዘ አለ። ጠብታው ለሕፃን የተሠራ ስለሆነ ቀላል የሆነ ይመስላል፤ እውነቱ ግን የከበደው እሱ ነው፤ እንዲወፍር የተደረገውም ሕፃኑ ጥቂት ፈሳሽ ብቻ እንዲውጥ ታስቦ ነው። ለአሥር ኪሎ ልጅ «5 ሚሊ ሊትር ስጪ» የተባለች እናት ሽሮፑ አልቆባት ከጠብታው 5 ሚሊ ሊትር ብትሰጥ፣ 500 ሚሊ ግራም ሰጠች ማለት ነው፤ የአዋቂ አንድ ሙሉ ኪኒን። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም የልጁ ጉበት በጽኑ ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ላይ በመቀመጫ የሚገባውን የፓራሲታሞል እንክብል ከሽሮፑ ጋር ደርበው የሚሰጡ አሉ፤ ስማቸውና መልካቸው ቢለያይም መድኃኒቱ ያው ነው። ከጉንፋን ሽሮፖችም ፓራሲታሞል የተጨመረባቸው አሉ። ስለዚህ «ስንት ማንኪያ?» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ፤ «ስንት ሚሊ ግራም ነው? በስንት ሚሊ ሊትር?» በሉ፤ ባለሙያውም ሁለቱንም በጠርሙሱ ላይ ይጻፍላችሁ።

የቤት የሻይ ማንኪያ መለኪያ አይደለም። አንዱ 3 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ አንዱ 7። መድኃኒቱ ይዞት የመጣውን መለኪያ ተጠቀሙ፤ ከሁሉ የሚሻለው መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ነው። ዋጋው ጥቂት ነው። በጉንጩ ውስጥ በጎን በኩል ቀስ እያላችሁ አስገቡለት፤ አፍንጫውን ይዞ በጀርባው አስተኝቶ መጋት ወደ ሳንባ ያስገባዋል።

በዱቄት ስለሚመጣው ፀረ ባክቴሪያ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ የሚጨመርበት በጠርሙሱ ላይ እስከ ተሰመረው ምልክት ድረስ ነው። ዱቄቱን መጀመሪያ መታ መታ አድርጋችሁ አላቅቁት፤ ጥቂት ውኃ ጨምራችሁ ናጡት፤ ከዚያ እስከ ምልክቱ ሙሉ። ውኃው ካነሰ እያንዳንዱ ማንኪያ ይከብዳል፤ ከበዛ ይቀጥናል። ከመስጠታችሁ በፊት በእያንዳንዱ ጊዜ ናጡት፤ መድኃኒቱ እንደ ጠላ አተላ ከሥር ይዘቅጣል። ያልተናጠ ከሆነ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃውን፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት የተጠራቀመውን መድኃኒት ይጠጣል። ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆየው ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ስለሆነ ለሚቀጥለው ሕመም አይቀመጥም።

ለባለሙያዎቻችንም አንድ አደራ አለኝ። ግማሽ ሚሊ ሊትርን ስትጽፉ ከነጥቡ በፊት ዜሮ ይኑር፤ 0.5 በሉ። ያለ ዜሮ «.5» ብቻ ከተጻፈ ነጥቡ በደበዘዘ ቁጥር 5 ይሆናል፤ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ለአዋቂ አሥር እጥፍ ለመስጠት አሥር እንክብል መቁጠር ያስፈልጋል፤ እጅም ያቅማማል። ለጨቅላ ግን አሥር እጥፉ ሲሪንጅ ውስጥ ገብቶ ምንም አይመስልም። ይህ ነገር ዕንቅልፍ ሊነሣን ይገባል።

አሁን ለልጅ ስለማይሰጡት ጥቂት ልናገር። ኮዴይንን አስቀድማለሁ፤ እኛን ኢትዮጵያውያንን ከሌላው ይልቅ የሚመለከት ነውና። ኮዴይን በሳል ሽሮፕና በሕመም ማስታገሻ ውስጥ ይገኛል። ጉበት ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው የሚሠራው። ይህን የሚሠራው ዘረ መል በአንዳንድ ሰዎች ተደጋግሞ ይገኛል፤ እነዚህ ሰዎች ኮዴይኑን በፍጥነትና በብዛት ሞርፊን ያደርጉታል። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ ኤሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው ይህ የተደጋገመ ዘረ መል ነበራቸው። በሰሜን አውሮፓ ሕዝብ ላይ የሚገኘው ጥቂት ከመቶ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በተለመደው መጠን ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት አሳስቧል። እኛ ልጆቻችን ውስጥ ያለውን እያወቅን ከእነሱ የባሰ መጠንቀቅ ይገባናል።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ አስፕሪን ለጉንፋንና ለጉድፍ ትኩሳት ለልጅ አይሰጥም፤ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ቴትራሳይክሊን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ ከ8 ዓመት በታች የሚበቅለውን ጥርስ ለዘለዓለም ያበላሻል። እንቅልፍ የሚያመጣው የአለርጂ መድኃኒት ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ትንፋሽ ሊያግድ ይችላል፤ «እንዲተኛልኝ» ተብሎ መስጠቱን አጥብቄ እቃወማለሁ። ተቅማጥ አጋጅ ኪኒንም ለሕፃን አይሰጥም፤ መድኃኒቱ ኦአርኤስና ዚንክ ነው፤ ዚንኩ ከስድስት ወር በታች በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20፣ ተቅማጡ ቢቆምም ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን።

አያቶቼ፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ አይቅመስ፤ በውስጡ የሚደበቅ ተህዋስ የጨቅላውን ጡንቻ ሊያሽመደምድ ይችላል። ዳማከሴውም፣ ጤና አዳሙም ኃይል አለው፤ ኃይል ያለው ነገር ልክ ያስፈልገዋል፤ ቅጠል ግን ልኩ አይታወቅም። ለአራስ አታጠጡ። አጠጥታችሁ ከሆነም ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ፤ ማንም አይቆጣችሁም፤ ቢቆጣችሁም ንገሩ። ቆዳም በር ነው፤ የአራስ ቆዳ ቀጭን ነው፣ ስፋቱም ከክብደቱ ጋር ሲተያይ ከአዋቂው ከእጥፍ በላይ ነው፤ ስለዚህ የትልቅ ሰው ቅባት በእሱ ላይ ወደ ደም ይገባል።

ሽሮፕ ከየትም አይገዛ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ በመርዛማ ዳይኤቲሊን ግላይኮል የተበከለ የሳል ሽሮፕ የጠጡ ብዙ ሕፃናት ኩላሊታቸው ቆሞ አልቀዋል። ያው ኬሚካል እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ ከመቶ በላይ ሰዎችን ገድሎ ነበር፤ ከመካከላቸው ብዙ ልጆች ነበሩ። ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት፣ የአምራቹ ስምና የማብቂያ ጊዜው የተጻፈበትን ብቻ ግዙ።

በመጨረሻ ከተነሡት ጥያቄዎች ሦስቱን እዚህ ላስፍር።

አንድ አባት «ቢያስመልሰውስ?» ብለዋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ያው መጠን ይደገምለታል። ከዚያ ከዘገየ ግን ሳትደግሙ ባለሙያ ጠይቁ። ሁለተኛውንም ካስመለሰው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አንዲት እናት «በጡጦ ወተት ልቀላቅለው?» ብላለች። ሙሉ ጡጦ ውስጥ አትጨምሪው፤ ልጁ ግማሹን ጠጥቶ ቢተወው ምን ያህል መድኃኒት እንደወሰደ አታውቂም። በውኃ የሚሟሟው ኪኒን በአንድ ማንኪያ ንጹሕ ውኃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ይሟሟል።

አንዲት አያት ደግሞ የልጅ ልጃቸው የእናቱን የደም ማነስ ኪኒን እንደ ከረሜላ ቢበላ ምን እንደሚደረግ ጠይቀዋል። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት ኪኒን ለትንሽ ልጅ ከባድ መርዝ ነው። እንዲያስመልሰው ጣታችሁን አታስገቡ፤ ወተት እየጋታችሁ ጊዜ አታጥፉ። የቀሩትን ኪኒኖች ከነማሸጊያቸው ያዙ፣ ስንት እንደጎደለ ቁጠሩ፣ ልጁ ደህና ቢመስልም ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ የብረት መርዝ መጀመሪያ ካስመለሰ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት የተሻለው መስሎ ተመልሶ ይጥለዋልና።